አመድ ሳጥብ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በተፈጥሮዬ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን መትቼ አላሳደግኩም፤ ገበያ ላይ ከሰው ጠብ ገጥሜ አላውቅም፤ "እሷ እኮ በግ ናት" እየተባልኩ ነው ያረጀሁት። ይሄን ነገር ግን ልተወው ብል እሱ አልተወኝ አለ። ለሰው ስነግረው መጀመሪያ ይስቃል። ስቆ ሲጨርስ "እና ወርቁስ?" ይለኛል። "አንቺስ?" የሚል የለም። እሺ፤ ከወርቁ ልጀምር።

ወንዝ ዳር የወረድኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ባሌ ሞቶብኝ፣ ልባሽ ጨርቅ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ከነገሌ ክብረ መንግሥት፣ ከክብረ መንግሥት ሻኪሶ እያልኩ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። ሻኪሶ ማደሪያ ያከራዩኝ አንዲት የጉጂ ባልቴት ነበሩ። ገበያ በማይቆምበት ቀን ገበቴያቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ አዋታ ሲወርዱ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳዛጋ አዩኝና "ተነሺ፣ ነይ" አሉኝ።

"ገበቴ ይዘው ወንዝ ምን ሊሠሩ ነው? ሊጥ ሊያቦኩ?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ለዓሣዎቹ ቂጣ ልጋግርላቸው" ብለው ሳቁብኝ።

ያን ቀን ያሳዩኝን እስከ ዛሬ እሠራዋለሁ። ውሃው ከሚታጠፍበት፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ አሸዋው ተጠርጎ ሲያልቅ ከሥር ያለውን ጠጠር ታወጣላችሁ። ገበቴው ላይ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ ቁጭ ትላላችሁ። ከዚያ ማወዛወዝ ነው፤ እንደሚያባብሉት ሕፃን። ድንጋዩን በእጅ ትለቅማላችሁ፤ ጭቃው በገበቴው ከንፈር በኩል ይሄዳል፤ አሸዋው ይከተለዋል፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋ ብቻ እንደ ኩል ከሥሩ ይቀራል። እሱንም ቀስ አድርጋችሁ ስትሸኙት ከኋላው አንዲት ቢጫ ነገር ትጎተታለች። አትቸኩልም። የመጀመሪያዋን ሳያት ልይዛት ስል ገበቴው ተደፋ። ባልቴቷ በእርጥብ እጃቸው ጀርባዬን መታ አድርገው "ደግመሽ እጠቢ" አሉኝ።

ለሻኪሶ ሰው ወርቅ መተዳደሪያው ነው። ወንዶቹ ጉድጓድ ይገባሉ፤ አፈር ተጭኗቸው የቀሩም አሉ። እኔ ጉድጓድ ገብቼ አላውቅም። መተዳደሪያዬ ልባሽ ጨርቁ ነበር፤ ወርቁ ጨዋታዬ ነው። ሌላው ሰው ሥራ ሲፈታ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ውሃ ውስጥ እቀመጣለሁ። ከጭቃው ጋር ሐሳቤም አብሮ ይሄድልኛል። ቀኑን ሙሉ አጥቤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ካገኘሁ ደስ ብሎኝ እገባለሁ፤ ካላገኘሁም ደስ ብሎኝ እገባለሁ።

ልጆቼ አድገው በየከተማው ሲበተኑም አንዱ ቤት አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ነገሌ ሴት ልጄ ጋ፣ ክብረ መንግሥት ወንድ ልጄ ጋ፣ ፊልቱ እህቴ ጋ እያልኩ እዞራለሁ። ገበቴዬ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ በሄድኩበት ትሄዳለች። የነገሌዋ ልጄ ልጅ "አኮ፣ እግርሽ ጎማ አለው እንዴ?" ትለኛለች። አኮ የምትለኝ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።

አሁን የላባውን ነገር ልንገራችሁ፤ መዘዙ ሁሉ ከሱ ነው።

ደቃቅ ወርቅ በጨርቅ ቢቋጥሩት ይሾልካል፤ ጠርሙስ ይሰበራል። ባልቴቷ ያስተማሩኝ በአሞራ ላባ ማስቀመጥ ነው። የትልቅ አሞራ ላባ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው። ጫፉን ትቆርጡታላችሁ፤ ቅንጣቶቹን ወደ ውስጥ ታንቆረቁራላችሁ፤ አፉን በሰም ትደፍኑታላችሁ። ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። "የአንዱን ወንዝ ከሌላው ወንዝ አትቀላቅዪ" አሉኝ። "ላባው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ስሙን አትጥሪው። እህል በዪው።" ወርቅ ባለበት አገር ጮክ ብሎ ወርቅ አለኝ ማለት ሌባ መጥራት ስለሆነ ነው።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። የአዋታውን ላባ በቀይ ክር፣ የሞርሞራውን በጥቁር ክር፣ የዳዋውን በነጭ ክር አሰርኩ። የሦስቱ ወንዝ መልክ አንድ አይደለም። የአዋታው ደማቅ ነው፤ የሞርሞራው ወደ ቅላት ይሄዳል፤ የዳዋው ፈዘዝ ያለና ጠፍጣፋ ነው። ለሰው ሁሉ አንድ ቢጫ ነው፤ ለኔ ግን እያንዳንዱ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ነው። አልሸጥኩትም። ልጄ "እማዬ፣ ዛሬስ ጭቃሽ ምን አበላሽ?" ስትለኝ "እህል" እላታለሁ። ትስቃለች። በቃ፣ የአሮጊት ጨዋታ ነው ብላ ትተወዋለች።

ይህችው የልጅ ልጄ ልታገባ ነው ሲባል ልቤ ወሰነ። ትንሽ ሳለች ትምህርት ሲዘጋ አብራኝ ትዞር ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ እያንቦራጨቀች "አኮ መጣች? መጣች?" ትለኝ ነበር። ከሦስቱ ወንዝ ሦስት ቀጫጭን የወርቅ ክር አስመትቼ፣ እንደ ሹሩባ አስጎንጉኜ፣ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ላሠራላት አልኩ። ለሷ ብቻ በስልክ ነገርኳት። ሥራዋ ሐዋሳ ነው። እዚያው ስልኩ ላይ አለቀሰች። "እጮኛዬን እንዳይገዛ እነግረዋለሁ" አለችኝ። "ሌላ ቀለበት ጣቴ ላይ አይገባም።"

ሠርጉ እየተቃረበ ሳለ ፊልቱ ያለችው እህቴ ታመመች ተባልኩና ሄድኩ። ላባዎቹን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርጌ፣ ነገሌ ልጄ ቤት፣ ከአልጋዬ ሥር ካለች ሳጥኔ ውስጥ ተውኳቸው። ከልጄ ቤት የበለጠ የት ላስቀምጥ?

እህቴ ተሽሏት ተመለስኩ። ልጄ በር ላይ ተቀበለችኝ። ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ግቢው መሃል መሬቱ ጠቁሯል።

"ምን አቃጠላችሁ?" አልኳት።

"ቆሻሻ።"

"የምን ቆሻሻ?"

"እማዬ፣ መጀመሪያ እረፊ። ውሃ ልስጥሽ።"

እንዲህ ስባል ደስ አላለኝም። ሳጥኔ ጋ ሄድኩ። ቀሚሴ አለ። ነጠላዬ አለ። መጽሐፍ ቅዱሴ አለ። ከረጢቷ የለችም።

ልጄ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። ለሠርጉ እንዲጸለይ ብለው ከሌላ ከተማ አንዲት አገልጋይ ጋብዘው ነበር። እንግዳዋ የኔ አልጋ ላይ አደረች። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ልታስገባ ስትል ሳጥኔን ገፋችው፤ ክዳኑ ተከፈተ፤ ከረጢቷን አየቻት። ከፈተቻት። የአሞራ ላባ፤ በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ክር የታሰረ፤ አፉ በሰም የተደፈነ። ጮኸች አሉ። "ይሄ አሠራር ነው!" አለች። የሰይጣን ሥራ ማለቷ ነው። "ይህች ሙሽራ የታሰረችው በዚህ ነው!" አለች። የልጄ ባል ላምባ አመጣ። ግቢው መሃል ደፍተው፣ ከበው እየዘመሩ አቃጠሉት።

"ክብሪቱን ማን ጫረ?" አልኳት።

የአልጋውን ልብስ ታስተካክል ጀመር።

"ክብሪቱን ማን ጫረ ነው የምልሽ!"

"እኔ" አለች።

ልጄን ጮኼባት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮኽኩ። "እኔ ጠንቋይ ነኝ? አንቺን አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ያመላለስኩሽ እኔ ጠንቋይ ነኝ? ስልክ የለኝም? ደውለሽ 'እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው' ብትዪኝ ምላስሽ ይቆረጣል?"

"ፈራሁ እማዬ።"

"ማንን?"

"አንቺን" አለችኝ።

ከእሳቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ዛሬም። ያቺ እንግዳ አታውቀኝም፤ ምን ትፍረድ። ልጄ ግን ጡቴን ጠብታ፣ በጀርባዬ ላይ ተኝታ፣ አንዲት ሴት ጮኸች ብላ እኔን ፈራች።

"ወርቅ ነበር" አልኳት። ስሙን በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት ያኔ ነው። "የልጅሽ ቀለበት ነበር።"

ልጄ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የዚያን ጊዜ ባሏ ከሥራ ገባ። የአንድ ዕርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰደርያ ከነኪሶቹ አድርጎ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ፊታችንን ሲያይ ገባው።

"እማማ፣ አይቆጡ፣ አንቱን ብለን ነው እኮ" አለኝ። "እርኩስ ነገር ቤት ውስጥ ሲገኝ..."

"አመዱስ?" አልኩት።

"ምን?"

"አመዱን የት አደረጋችሁት? ወርቅ በላምባ እሳት አይጠፋም። አመዱ የት ነው?"

እሱም ልጄም ተያዩ። "ከቤት እንዲርቅ ብለን ላጋው ውስጥ ደፋነው" አለ።

ላጋ የሚሉት ከቤቱ ጀርባ ያለውን ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው። ዓመቱን ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፤ ሰው ቆሻሻ ይጥልበታል። ላይ አገር ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፉ ሳይታሰብ ይመጣና ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በሻኪሶ በኩል ጠቁሯል።

ቁጣ ጉልበት ይሰጣል። ገበቴዬን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ላጋው ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ከበሯ ላይ አየችኝ። "አካም እማማ! በዚህ ፀሐይ ወዴት?"

"አመዴን ፍለጋ።"

"ኧረ! እኔም እኮ ግራ ገብቶኝ ነበር" አለች። "ወላሂ፣ እየዘመሩ መጥተው አመድ ሲደፉ አይቼ፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ያቻትልዎ፣ ከግራሩ ሥር።" ሳልጠይቃት ትልቁን ሳፋዋንና ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖቿን በጋሪ ላከችልኝ። እሷ ጎረቤት ናት፤ የማትዛመደኝ። ከቤቴ ሰዎች ይልቅ የረዳችኝ እሷ ናት። ይሄንንም አልረሳም።

አመዱ ነበረ። ነፋስ ከላይ ትንሽ ወስዶታል፤ ግን ነበረ። ሳፋው ውስጥ ውሃ ሞልቼ፣ አመዱን ከነአሸዋው በእፍኝ በእፍኝ ገበቴው ላይ እያደረግኩ ማጠብ ጀመርኩ። አመድ አጥቤ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ እንደ ሳሙና አረፋ ይኩረፈረፋል፤ ከዚያ ከሰሉ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ሳፋው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። የተጠበሰ ላባ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከክሮቹ አንድም አልቀረም። ጥቁሩን እየሸኘሁ፣ እየሸኘሁ ስሄድ ከኋላ አንዲት ተጎተተች። ከዚያ ሌላ። እሳቱን ያላወቁት ይመስል ያው ቢጫ ናቸው።

ደስ አለኝ? አዎ፣ ለአንድ አፍታ። ከዚያ ደግሜ አየኋቸውና ቁጣው ተመለሰ። ጥላሸት ለብሰዋል። የቷ የአዋታ ናት? የቷ የሞርሞራ? ዕድሜ ልኬን ለይቼ ያኖርኩትን በአንድ ክብሪት አደባለቁት።

መንገዱ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆመ። "ማዘር፣ ምን እያጠቡ ነው?"

"አመድ።"

"አመድማ ነጭ እስኪሆን ይጠቡት!" ብሎ ሳቀ። ሆኖም ወረደ። ጎንበስ ብሎ ገበቴውን አየ። ሳቁ ተቆረጠ። ለካ ሻኪሶ ሲቆፍር የኖረ ልጅ ነው። "ማዘር... ይሄ እኮ ወርቅ ነው!" አለና ስልኩን አወጣ።

ነገሌ ሰው እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ እንዲህ በፍጥነት እንደሚሞላ ግን አላውቅም ነበር። ግራሩ ሥር ያለውን አጥቤ ሳልጨርስ አካፋ የያዘ መጣ፤ ድስት የያዘች መጣች፤ ወንፊት የያዘች መጣች፤ የጀሪካን ግማሽ ቆርጦ የመጣ አለ። "ላጋው ወርቅ አወጣ!" እየተባባሉ በየአቅጣጫው መቆፈር ያዙ። አንዱ አካፋውን ጉልበቴ ሥር ሰካው።

"ተዉ!" እላለሁ። "የኔ ነው! ከቤቴ የወጣ አመድ ነው!"

"ማዘር ለብቻሽ ልትበዪው?" አለኝ አንዱ።

"እውነቴን ነው! አመድ ነው!"

"የኔም ቤት አመድ አለ፤ ወርቅ ግን ወጥቶት አያውቅም!" አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ። ምን ልበል? ወርቅ ያገኘ ሰው የሚለው ልክ እኔ ያልኩትን ነው። ስጮህ በጮህኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑ።

የልጄ ባል ሲመጣ አየሁት። ላጋው አፋፍ ላይ ቆመ። ከታች ከሚቆፍሩት ግማሾቹ ያውቁታል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሰዎች አሉበት።

"ንገራቸው!" አልኩት። "ከቤታችሁ የወጣ መሆኑን ንገራቸው! አንተ እንዳቃጠልከው ንገራቸው!"

ፊቱ ላይ ላብ ወረደ። ቢናገር ወርቅ በመዝሙር አቃጥሎ የጣለ ሰው መሆኑ ነው። ወደኔ ወረደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሰዎቹ ግን እንዲሰማ አድርጎ፣ "እናታችን ትንሽ ደክመዋል፤ ዕድሜ ነው" አለ። ከዚያ ክንዴን ያዘ። "ይነሱ እማማ፣ እንግባ፤ ሰው እያየን ነው።"

እስካሁን ቁጣ ያልኳችሁ ቁጣ አልነበረም። ይሄ ነው ቁጣ።

"ባለፈው ጠንቋይ፣ ዛሬ ደግሞ እብድ?" አልኩት። እጄ ላይ ያለውን ገበቴ ከነጥቁር ጭቃው ሰደርያው ላይ ደፋሁበት። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ቀና አሉ። እሱም እንደ ቆመ ደረቀ። እኔ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

"አውልቅ" አልኩት።

"ምን?"

"ሰደርያውን አውልቅ! ወርቅ ይኖርበታል፤ ልጠበው!"

አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ላጋው ሁሉ ሳቀ። አወለቀው። እዚያው ፊታቸው ሳፋው ውስጥ ኪሱን በኪሱ ገልብጬ አጠብኩት። እውነትም ከአንዱ ኪስ ጥግ አንዲት ቅንጣት ወጣች።

ልጄ የመጣችው የዚያን ጊዜ ነው። ክሊኒክ ነው የምትሠራው፤ ለተራዋ ልትወጣ ስትል ሰምታ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ ነው የወረደችው። ባሏን ዞር ብላ አላየችም። መሃላቸው ገብታ ቆመች።

"የእናቴ ነው!" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ደግማ ጮኸች። "የእናቴ ወርቅ ነው! በላባ ውስጥ አስቀምጣው የሰይጣን መስሎን ያቃጠልነው እኛ ነን! ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ! የልጄ ቀለበት ነው፤ እባካችሁ!" በአማርኛ ከጨረሰች በኋላ በኦሮምኛ ደገመችው፤ ያልሰማ እንዳይኖር።

ሳቁ አሁን በሷና በባሏ ላይ ዞረ። "ወርቅ አቃጣዮች!" አለ አንዱ። ግን አንዳንዱ አፈረ። አንዲት የቦረና ሴትዮ ድስቷን ወደኔ አምጥታ ያገኘቻትን ቅንጣት መዳፌ ላይ በጣቷ ተጭና አኖረቻት። የባጃጁም ልጅ ሰጠ። የቀሩት፣ እግዜር ይይላቸው፣ መቆፈራቸውን አልተዉም። ከአመድ የወጣ ወርቅም ወርቅ ነው ብለው። እነሱ ላይም ተቆጥቻለሁ፤ ግን ከነሱ የጠበቅኩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ላይ በኩል ድምፅ ተሰማ። "ላጋው መጣ!" አለ አንዱ፤ ሁሉም ድስቱንና አካፋውን እየጣለ አፋፍ ላይ ወጣ። ቀይ ውሃ እንጨት እያንከባለለ መጣና ግራሩ ሥር የነበረውን ሁሉ ጠረገው። ልጄ በብብቴ ይዛ አወጣችኝ። አልገፈተርኳትም። አላቀፍኳትምም።

የተረፈው ወርቅ የትንሿን ጣቴን ጥፍር አይሞላም ነበር። ለአንድ ክር እንኳን አይበቃም። ለልጅ ልጄ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "አኮ፣ ሌላ አላደርግም ብያለሁ፤ አላደርግም" አለችኝ። "ሠርጉ ይቆያል። እናቴንና አባቴን እንዲያውቁት ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ያን ዕለት የልጄ ባል ቤተሰቡን ሰብስቦ የይቅርታ ጸሎት አደረገ። ጸሎቱ ያምራል፤ ሲጸልይ ሁሌም ያምርበታል። ልጄ አለቀሰች። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን አሉ። እኔ አልጨፈንኩም። የሱን ፊት ነበር የማየው፤ እፎይ ሊል የተዘጋጀውን ፊት።

"እማማ፣ ይቅር ብያለሁ ይበሉን" አለኝ።

"ጌታን እኔም አውቀዋለሁ" አልኩት። "ከሱ ጋር የምነጋገረውን እነጋገራለሁ። አንተ ግን ከመሥሪያ ቤትህ ፈቃድ ውሰድ። ሻኪሶ እንሄዳለን።"

"ምን ልናደርግ?"

"ልታጥብ።"

ሄድን። በሚኒባስ፣ ጎን ለጎን። አዋታ ዛሬ የማውቀው አዋታ አይደለም። ላይኛውን ዳር በማሽን እየቆፈሩት ውሃው ሻይ በወተት መስሏል፤ ባልቴቷ የተቀመጡበት ድንጋይ የት እንደሄደ አላውቅም። ይሄም ራሱን የቻለ ቁጣ ነው፤ ሌላ ቀን እቆጣበታለሁ። ወደ ላይ ራቅ ብለን፣ ማሽኑ ያልደረሰበት አንዲት ትንሽ ጅረት ወደ አዋታ የምትገባበት ቦታ አገኘሁ። የሱሪውን እግር አስጠቅልዬ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት። ገበቴዬን ሰጠሁት።

ትልቅ ሰውዬ ነው። የመኪና መሪ የለመደ እጅ ነው፤ ገበቴውንም እንደ መሪ ይጠመዝዘዋል። ያገኘውን ሁሉ ይደፋዋል።

"ቀስ" እለዋለሁ።

"እማማ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ።"

"ይግባ።"

"ወገቤን..."

"ወገብ እኔም አለኝ። እጠብ።"

አጠበ። ጠዋት አጠበ፤ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትደርስ አጠበ፤ ጣቶቹ ተጨማደዱ። ማጉረምረሙን ተወ። ጥቁሩን አሸዋ ቀስ ብሎ መሸኘት ለመደ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ ጠጠር እያወጣሁ አቀብለዋለሁ፤ አሁንም እንደተቆጣሁ ነኝ፤ አቀብለዋለሁ።

"እማማ!" አለ። "እማማ፣ እማማ፣ ትንሽ ነገር... ይምጡ፣ ይምጡ ይዩልኝ!"

ሄጄ አየሁ። የጤፍ ፍሬ አታህልም። ግን ናት። ደማቅ፣ የአዋታ መልክ ያላት።

"ናት?" አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። "ወርቅ ናት?"

"ናት" አልኩት። ለጉዞው ከያዝኩት አዲስ ላባ አፍ ላይ ጣቴን አንስቼ አቀረብኩለት። በተጨማደደ ጣቱ፣ ትንፋሹን ይዞ ከተታት። ከዚያ እፎይ አለና ሱሪውን እያራገፈ ከውሃው መነሣት ጀመረ።

"ወዴት?" አልኩት።

"አገኘሁ እኮ እማማ።"

"ይሄ የአዋታው ክር መጀመሪያ ነው። ገና ሞርሞራ አለ፤ ዳዋ አለ። ተቀመጥ።"

አየኝ። አየሁት። ተቀመጠ።